የጥሊሊ ተማሪ ሃይማኖቱን የት ይማር?

እሱ፦ እህቴ፣ በጥሊሊ ባለ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ክርስትናን በፈቃዱ መማር ለሚሻ ተማሪ ክፍል ቢከፈትለት ምን ይጎዳል?

እሷ፦ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ይሁን ይላል። በፈቃድ ቢባልም፣ ጓደኞቹ ሁሉ ሲገቡ እሱ ውጭ የሚቀረው ልጅ ይሸማቀቃል።

እሱ፦ ታዲያ ልጆቻችን እምነታቸውን ከየት ይማሩ?

እሷ፦ አንቀጽ 27 አማኞች የሃይማኖት ትምህርት ተቋም እንዲያቋቁሙ ይፈቅዳል። ሰንበት ትምህርት ቤቱ፣ የአብነት ትምህርት ቤቱ አለልን። ሙስሊሙም መድረሳው አለው።

እሱ፦ እውነትሽን ነው። ግን ልጁን እሑድ ቀስቅሶ የሚልክ ወላጅ ያስፈልጋል።

እሷ፦ አዎ! አደራው የእኛው ነው፤ ለመምህሩ ብቻ አንተወው።