በእንቅልፍ ልቡ የሚማታ ሰው
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

ባለፈው ወር ቡና ላይ አንዷ እህታችን «ባለቤቴ ሌሊት በእንቅልፍ ልቡ ይማታል» ስትል ሁላችንም ሳቅን። እኔም ስቄአለሁ። ቤቴ ስገባ ግን አባቴ ትዝ አለኝና አፈርኩ። (ፈቅዳልኝ ነው የማነሳው።)

አባቴ ቁጣ የማያውቅ ሰው ነበር። 60 ዓመት ገደማ ሲሆነው ሌሊት መጮህና መራገጥ ጀመረ። እናቴ ስትቀሰቅሰው ወዲያው ይነቃና «ጅብ መጥቶብኝ እየተከላከልኩ ነበር» ይላታል። አንድ ጠዋት ፊቷ በልዞ ስናይ «በር መትቶኝ ነው» አለችን። ሚስቱን ይደበድባል እንዳይባልበት ፈርታ፣ ለማንም ሳትናገር መሬት ላይ አንጥፋ መተኛት ያዘች። ከስድስት ዓመት በኋላ ቀኝ እጁ ይንቀጠቀጥ፣ እርምጃውም ያጥር ጀመር። ፓርኪንሰን ነው ተባለ። የነርቭ ሐኪሙ «እንቅልፉስ እንዴት ነበር?» ብለው ሲጠይቁ የመለሰችው እናቴ ናት። እሱማ ተኝቶ ነበር፣ ምን ያውቃል?

ሕልም በብዛት በምናይበት የእንቅልፍ ክፍል፣ ሕልሙን በአካል እንዳንሠራው አንጎል ጡንቻዎቻችንን ያስራቸዋል። ያ ማሰሪያ ሲላላ ሰው በሕልሙ የሚታገለውን አልጋው ላይ ይታገላል። ሼንክና ማሆዋልድ የተባሉ የአሜሪካ ሐኪሞች ይህን ሕመም እ.ኤ.አ. በ1986 ለይተው ጻፉ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣና 1,280 ሕሙማንን የተከታተለ ጥናት ደግሞ፣ በ12 ዓመት ውስጥ ከአራቱ ሦስቱ ያህል ፓርኪንሰን፣ የመርሳት በሽታ ወይም መሰል የአንጎል ሕመም እንደሚይዛቸው ገምቷል።

በእንቅልፍ ልቡ የሚያወራ ሁሉ፣ የሚቃዥ ሕፃን ሁሉ ግን እንዲህ አይደለም። አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶችም ይህን ያመጣሉ፤ የሚወስደውን ለሐኪም ማሳየት እንጂ በራስ ማቋረጥ አይገባም። ይበልጥ የሚያሳስበው ከ50 ዓመት በኋላ የጀመረው ነው፤ በተለይ ሰውየው የሚቆላ ቡና እንኳ የማይሸተው፣ ሆዱም የሚደርቅ ከሆነ።

ሥራዬ ሒሳብ ስለሆነ ይሆናል፣ መጻፍ እወዳለሁ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ያደረገውን ደብተር ላይ አስፍሩ፤ ሐኪሙ ዘንድም አብራችሁ ግቡ። ጠበል የሚሄድ ይሂድ፣ ሐኪሙ ግን አይቅር። ፓርኪንሰንን የሚያስቀር መድኃኒት እስካሁን የለም፤ ሌሊቱን የሚያረጋጋ ግን አለ። እስከዚያው መስታወትና ስለት ያለው ነገር ከአልጋው ይራቅ። ለብቻ መተኛትም ነውር የለውም።

የእህታችን ባለቤት ቀጠሮ ማክሰኞ ነው። ደብተሩን ይዛለች፤ እኔም አብሬያቸው እሄዳለሁ።