የማይታየው ቢላ

እሱ፦ የአልፍሬድ ሂችኮክን «ሳይኮ» አይተሻል አይደል? እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣ ፊልም ነው፤ ሴትዮዋ ሻወር ውስጥ በቢላ የምትገደልበት ትዕይንት ዛሬም ያስበረግጋል።

እሷ፦ እንዴት አላይ! ግን ልብ ብለሃል? ቢላው ገላዋን ሲወጋ አይታይም ማለት ይቻላል። የምናየው የተነሳ ክንድ፣ የተከፈተ አፍ፣ ወደ ማፍሰሻው የሚዞር ውሃ ነው። ደሙም የቸኮሌት ሽሮፕ ነበር።

እሱ፦ የፊልሙ ሙዚቃ ደራሲ የበርናርድ ኸርማን ቫዮሊኖችስ! እኔን የሚያስደነግጡኝ እነሱ ናቸው።

እሷ፦ እንደ «ኢሬቨርሲብል» ግፉን በግልጽ የሚያሳየውን ግን አልቀበልም። የጋስፓር ኖዬ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2002 በካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ ሲታይ ስንቱ አዳራሹን ጥሎ ወጣ!

እሱ፦ መውጣታቸው እኮ ፊልሙ እንደነካቸው ያሳያል። እኔን የሚያስፈራኝ ግፍ እያየ የማይዘገንነው ተመልካች ነው።

እሷ፦ እዚህ ላይ አንስማማም። በዚያ ፊልም ውስጥ አንዲት ሴት ስትደፈር 9 ደቂቃ ገደማ ያለማቋረጥ ማየት ምን ይጨምርልኛል? ተነስቶ የወጣውን ፈራ አትበለው፤ በቃኝ ማለቱ ነው።