ግብ የማን ነው? በጤና ተቋማት ስለ ሠራተኛ ግብ አጣጣል የቀረበ ዲስኩር

የሰሜን ሸዋ የጤና ባለሙያዎችና የአስተዳደር ሠራተኞች፤

ሐምሌ ሲገባ በየቢሯችን የሚሞላ የሠራተኛ ግብ ቅጽ አለ። ስሙ በወጉ ውጤት ተኮር ሥርዓት ነው፤ ሁላችንም ግን «ቢኤስሲ» እንለዋለን። የሥርዓቱ ፈጣሪዎች ካፕላንና ኖርተን በ1992 እ.ኤ.አ. ሲያስተዋውቁት ኩባንያዎችን አስበው ነበር። እኛ ዘንድ ሲደርስ ትልቁ ጭንቀት የግቦቹ ነጥብ ድምር መቶ መሙላቱ ሆነ።

የካርድ ሠራተኛዋ ቅጽ ላይ «ቀልጣፋ አገልግሎት መስጠት» ተብሎ ይጻፋል። ምን ስታደርግ ነው ቀልጣፋ የምትባለው? ቅጹ አይናገርም። ሰኔ ላይ ነጥቡን የሚወስነው የአለቃዋ ስሜት ነው።

ከአንኮበር በማለዳ ተሳፍሮ፣ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ተጉዞ፣ በደብረ ብርሃን ብርድ የሚሰለፍ የደም ግፊት ታካሚ እናስብ። ካርዱ ሲፈለግ ይታጣል፤ ሰልፉ እንዳይቆም አዲስ ይወጣለታል። ሐኪሙ ፊት ሲቀርብ ያለፈው ልኬቱ የለም፣ ሲወስደው የነበረው መድኃኒት የለም፣ የላቦራቶሪ ውጤቱም የለም። እሱ የሚያስታውሰው «ነጯን ክኒን» ብቻ ነው። ሠራተኛዋ ግን ፈጥናለች፤ ግቧ ፍጥነት ብቻ ከሆነ ሙሉ ነጥብ ይገባታል!

ስለዚህ ሁለቱን አብረን እንጻፍ፦ ነባር ታካሚ ነባር ካርዱን ይዞ ይግባ፤ ይህም በታወቀ ደቂቃ ውስጥ ይሁን። ደቂቃውን ከመወሰናችን በፊት ግን ዛሬ ስንት እንደሚፈጅ አንድ ሳምንት እንመዝግብ። 40 ደቂቃ የሚፈጀውን በአንድ ጊዜ 10 እናድርግ ማለት ሐሰተኛ ሪፖርት ማዘዝ ነው። መደርደሪያው ተሰብሮ ካርዱ ወለል ላይ ከተከመረ ደግሞ፣ መደርደሪያው የኃላፊው ግብ ነው እንጂ የእሷ አይደለም።

አዋላጅ ነርሷም እንዲሁ ናት። «በተቋም የሚወልዱ እናቶችን ቁጥር መጨመር» የሚለው ግብ ያንን ሁሉ የአንኮበር አቀበትና ቁልቁለት ትከሻዋ ላይ ይጭንባታል። በእጇ ያለው ሌላ ነው፤ ቀጠሮ ያለፋቸውን እናቶች ስም በየሳምንቱ ከመዝገቡ አውጥታ ለቀበሌዋ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ መደወል። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራሙ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው፤ የእናትየዋን ደጅ የምታውቅ ሴት አለች። የእናቶች ማቆያው ማገዶና እህል እንዳይጎድለው ማድረግ ግን የጤና ጣቢያው ኃላፊ ግብ ሆኖ ይጻፍ።

ጤና ሚኒስቴር ሩኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ እንፈልጋለን ማለቱ መልካም ነው። ሩኅሩኅነት ግን በነጥብ አይመዘንም። ፋርማሲ ላይ ታካሚውን በስሙ ጠርቶ፣ አወሳሰዱን ነግሮ፣ የተነገረውን መልሶ እንዲናገር መጠየቅ ግን ይታያል፤ ይቆጠራልም።

ኃላፊዎች ሆይ፤ በመጪው ሐምሌ ቅጹን አዘጋጅታችሁ «ፈርሙ» ከማለታችሁ በፊት፣ አንድ ሰኞ ጠዋት ካርድ ክፍል ገብታችሁ ተቀመጡ። ከዚያ ሠራተኛዋን ምን እንዳስቸገራት ጠይቁና ግቡን አብራችሁ ጻፉ።