አሞክሲሲሊን፤ ለምን፣ ለማን፣ እስከ መቼ?



ከአዲስ ዘመን አጠገብ ካለው ከጣራ ገዳም ቁልቁል ወደ ወረታ ሲወርዱ የፎገራ ሜዳ ይገኛል። ርብና ጉማራ በክረምት ሞልተው ይተኙበታል፤ ሩዝ ይበቅልበታል፤ የወባ ትንኝም ይራባበታል። በዚህ አገር «ትኩሳት አለብኝ» የሚለው ቃል የአንድ በሽታ ስም አይደለም። ስለሆነም በመድኃኒት ቤት መስኮት በኩል አራት ፍሬ አሞክሲሲሊን ለሚጠይቅ ሰው የሚሰጠው መልስ ቀላል ጉዳይ ሊሆን አይገባውም።

ለዚህም በ1997 ዓ.ም. የታየው ታሪክ በቂ ማስረጃ ነው። በሊቦ ከምከምና በፎገራ ወረዳዎች ትኩሳቱ አልለቅ ያላቸው ሕሙማን በበዙ ጊዜ፣ በመጀመሪያ የተጠረጠረው መድኃኒት የተላመደ ወባ ነበር። በምርመራ የተገኘው ግን በአካባቢው ከዚያ በፊት ያልታወቀው ካላአዛር ሆነ። በተከታዮቹ ዓመታት ከ2000 በላይ ሕሙማን ተመዘገቡ፤ የሞቱም ነበሩ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት፣ ለስሕተት ምርመራ የተሰጠ መድኃኒት ባይመርዝ እንኳ ጊዜን እንደሚሰርቅ ነው።

አሞክሲሲሊን ከፔኒሲሊን ቤተሰብ የሆነ፣ ባክቴሪያዎች የሕዋሳቸውን ግድግዳ እንዳይሠሩ በመከልከል የሚገድል መድኃኒት ነው። የወባና የካላአዛር ተውሳኮች፣ እንዲሁም ጉንፋን የሚያመጡ ቫይረሶች ይህ ግድግዳ የላቸውም። ስለዚህ ሕመምተኛው በካላአዛር ላይ የሳንባ ምች ቢደረብበት አሞክሲሲሊን ምቹን ሊያድን ይችላል፤ ካላአዛሩን ግን አይነካውም። የመጀመሪያው ጥያቄ «ለምን?» የሚለው መሆኑ በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው «ለማን?» የሚለው ነው። መድኃኒቱ ከመሰጠቱ በፊት ሕመምተኛው ፔኒሲሊን፣ አምፒሲሊን ወይም ክሎክሳሲሊን ወስዶ ሰውነቱ በሚያሳክክ ሽፍታ ተሞልቶ፣ ፊቱ አብጦ ወይም ትንፋሹ አጥሮት እንደ ሆነ መጠየቅ ግዴታ ነው። ስሞቹ ቢለያዩም ቤተሰባቸው አንድ ነውና። በአንጻሩ ተቅማጥ ወይም ማቅለሽለሽ ብቻ አለርጂ አይባልም፤ ያለ ምርመራ «አለርጂ አለበት» ብሎ መጻፍ ሕመምተኛውን ርካሽና ጠቃሚ መድኃኒት ያሳጣዋል። ከባድ የኩላሊት ሕመም ያለበትም መጠኑ ሊቀነስለት ስለሚገባ ወደ ሐኪም ይመራል። ብርቱ አለርጂ የተነሣ እንደ ሆነ ፈጣኑ ፈውስ አድሬናሊን ነው፤ ለአዋቂ ሰው ግማሽ ሚሊ ግራም በጭን ጡንቻ ላይ ይወጋል። ፔኒሲሊን በመርፌ የሚሰጥበት ክፍል ይህ ሳይኖረው ሥራ መጀመር የለበትም።

ሦስተኛው «እስከ መቼ?» ነው። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1945 የኖቤል ሽልማት ንግግሩ ላይ፣ ፔኒሲሊንን ማንም ከሱቅ ገዝቶ አሳንሶ ቢወስደው ተህዋስያኑን ከመግደል ይልቅ እንደሚያለማምዳቸው አስጠንቅቆ ነበር። አራት ፍሬ መሸጥ የዚህ ማስጠንቀቂያ ቁልጭ ያለ ምሳሌ ነው። መጠኑና የቀኑ ብዛት በማዘዣው መሠረት ተሟልቶ ይሰጥ፤ የተረፈ ካለ ለጎረቤት ልጅ አይቀመጥ።

ለሕፃናት የሚሰጠው ዱቄትም የራሱ ጥንቃቄ አለው። ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ እስከ ምልክቱ ይበጠበጣል፤ ሁልጊዜ ከመስጠት በፊት ይናጣል፤ የሚለካውም በቤት ማንኪያ ሳይሆን በመለኪያው ነው። ከተበጠበጠ በኋላ በአምራቹ መመሪያ የተጻፈው ቀን ሲያልፍ ይጣላል። እናቲቱ ማንበብ የማትችል ከሆነች፣ በመስኮቱ ፊት አንድ ጊዜ ለክቶ ማሳየትና ራሷ ደግማ እንድትለካ ማድረግ ከረጅም ምክር ይበልጣል።

ባልደረቦች፤ ከሩዝ ማሳው ጭቃ ወጥቶ፣ የቀን ሥራውን ትቶ የመጣ ገበሬ ባዶ እጁን መመለስ እንደሚከብደው የታወቀ ነው። የደም ምርመራ ወደሚደረግበት ጤና ጣቢያ መምራት ግን ባዶ እጅ መመለስ አይደለም። ለባለሙያ ሽያጭን መከልከል ኪሳራ ቢመስልም፣ አሞክሲሲሊን ለነገው የሳንባ ምች ሕፃን የሚሠራ ሆኖ የሚቆየው በዚሁ ነው።