ኮምፒዩተር ተነሥቶ ሲወድቅ

(በጅማ መርካቶ በገበያ ቀን የተደረገ ንግግር)

ሐሙስ ነውና ገበያው እንደሚጠብቃችሁ እናውቃለን። ማር ያመጣችሁ፣ እህል የሸጣችሁ፣ ጨውና ሳሙና ገዝታችሁ ወደ ሰቃ፣ ወደ ማና፣ ወደ ጎማ የምትመለሱ ሁላችሁም ጥቂት አዳምጡን። ብዙ አናቆያችሁም።

ባለፈው ጊዜ ካርኒ እንዴት እንደሚነበብ ተነጋግረን ነበር። ዛሬ ደግሞ ስለ ኮምፒዩተር እንነጋገራለን። «እኛንና ኮምፒዩተርን ምን አገናኘን?» የሚል ሰው አይጠፋም። አንድ ሽማግሌም ይህንኑ ጠይቀውናል። ነገር ግን ቡናችሁ ከኮምፒዩተር ጋር ከተገናኘ ቆይቷል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ እዚሁ ጅማም መጋዘን አለው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠራው በኛ አቆጣጠር ነው።) በየማኅበሩ ጽሕፈት ቤትም ቢሆን የአባላት ሒሳብ በብዙ ቦታ የሚያዘው በኮምፒዩተር ነው። እንግዲህ ኮምፒዩተሩ ሲታመም የታመመው የማን ሒሳብ ነው?

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው የቡና ለቀማ ወቅት ከአጋሮ መንገድ ገባ ብሎ በሚገኝ አንድ የገበሬዎች ማኅበር ዘንድ እናስተምር ነበር። ስሙን አንጠራም። ማኅበሩ እሸት ቡና ከአባላቱ እየመዘነ ይቀበላል። የአባሉ ስም፣ ያስረከበው ኪሎ፣ የተከፈለው ብር፣ ገና የሚደርሰው የትርፍ ድርሻ፣ ሁሉም ያለው በአንዲት አሮጌ ኮምፒዩተር ውስጥ ነው። አንድ ማክሰኞ ጧት የማኅበሩ ጸሐፊ እያለከለከ መጣ። «ኑ እባካችሁ፣ ጉድ ፈልቷል! ማሽኗ አበደች» አለን።

ሄደን አየን። ቁልፏ ሲነካ ትበራለች። የዊንዶውስ ምልክት ብቅ ይላል። ወዲያው ሰማያዊ ገጽ ብልጭ ብሎ ይጠፋና ከመጀመሪያው ትነሣለች። ዛሬ የተወለደ ጥጃ አይታችሁ የለ? በጉልበቱ ይነሣል፣ ይንገዳገዳል፣ ይወድቃል፤ ደግሞ ይነሣል። ጥጃው ግን በመጨረሻ ይቆማል። ይህች አልቆመችም። አሥራ አንድ ጊዜ ቆጥረን ሰለቸን። ደጅ የቆሙት አባላት «የትርፍ ድርሻችንስ?» ይሉ ጀመር። ክፍያው ሊደርስ የቀረው ሁለት ሳምንት ብቻ ነበር።

ጸሐፊው «ቫይረስ ነው» አለ። ታዲያ ቫይረስ ምንድን ነው? ሰውን ጉንፋን የሚያስይዘው ቫይረስ ሕይወት ያለውን አካል የሚያጠቃ፣ በዓይን የማይታይ ረቂቅ ነገር ነው። በ1963 ዓ.ም. ገደማ በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው የቡና ፍሬ በሽታ ደግሞ ፈንገስ ነው፤ የዝናብ ጠብታ ከፍሬ ወደ ፍሬ ያደርሰዋል። የኮምፒዩተር ቫይረስ ግን ከሁለቱም አይደለም። ጀርምም ትልም አይደለም። ጽሑፍ ነው! ሰው ተቀምጦ የጻፈው ትእዛዝ ነው። እናንተ አሁን ማንበብ ስለቻላችሁ ይህ ይገባችኋል። ድሮ በየመንደሩ «ይህን ደብዳቤ ሰባት ጊዜ ገልብጠህ ለሰባት ሰው ላክ፤ ባትልክ መዓት ይደርስብሃል» የሚል ወረቀት ይዞር ነበር። ሰው ፈርቶ ይገለብጥና ይልካል። ወረቀቱ እግር የለው፤ ያራባው አንባቢው ነው። የኮምፒዩተር ቫይረስም እንዲሁ ነው። «ራሴን ገልብጠህ አስተላልፈኝ፤ መንገድህ ላይ ያገኘኸውንም አበላሽ» ይላል። ኮምፒዩተር ያነበበውን ትእዛዝ ሁሉ የሚፈጽም የዋህ ሎሌ ነውና ይፈጽመዋል። ከመጀመሪያዎቹ አንዱ በ1978 ዓ.ም. በፓኪስታን፣ በላሆር ከተማ፣ በሁለት ወንድማማቾች የተጻፈው «ብሬን» የተባለው ነው። ያን ጊዜ የሚዞረው በዲስኬት ነበር፤ ዛሬ ብዙውን ጊዜ በፍላሽና በኢንተርኔት ይዞራል።

የኛይቱ ማሽን በሽታም የገባው በፍላሽ ነው። ጸሐፊው ገበያ ወጥቶ ፍላሹን ዘፈን አስሞላ። ዘፈኑን ሊሰማ ፍላሹን በማኅበሩ ኮምፒዩተር ላይ ሰካ። የዘፈኑ ማኅደር ቦታው ላይ ያለ ይመስላል፤ ግን እውነተኛው ተደብቆ በቦታው የተተካው የቫይረሱ በር ነው። ሲጫነው ቫይረሱ ገባ። (ዘፈኑ ጥሩ ነበር ይላል እሱ።) ቢሆንም ማሽኗ ያን ቀን አልወደቀችም፤ ዝግ ማለት ብቻ ጀመረች። የወደቀችው በማግስቱ ነው። አንድ ጎረምሳ «እኔ አድናታለሁ» ብሎ አንቲቫይረስ ጫነባት። አንቲቫይረሱ በሽታ ያገኘበትን ፋይል ሁሉ እየጠቀሰ «ላጥፋው?» ሲል፣ ልጁ ሳያነብ «አዎ፣ ሁሉንም» አለ። ከታመሙት ፋይሎች መካከል ኮምፒዩተሯ ለመነሣት የሚያስፈልጓትም ነበሩ። አረም አርማለሁ ብሎ የቡናውን ችግኝ አብሮ እንደ መንቀል ነው።

እዚህ ላይ ኮምፒዩተር እንዴት እንደሚነሣ መናገር ይኖርብናል። ቁልፉ ሲነካ መጀመሪያ የራሱን ዕቃዎች ይፈትሻል። ቀጥሎ ከዲስኩ ላይ የመጀመሪያዋን ገጽ ያነባል። ያች ገጽ ወደሚቀጥለው፣ የሚቀጥለውም ወደ ሌላው እየመራው በመጨረሻ ዊንዶውስ ተሟልቶ ይቆማል። ከመካከል አንዱ ከጎደለ ወይም ከተበላሸ መንገዱ ይቆረጣል። ዊንዶውስ ደግሞ በዚህ ጊዜ በራሱ ጠፍቶ እንዲበራ ተደርጎ ነው የተሠራው። እንደ ገና ይሞክራል፤ ያው ገደል ላይ ይደርሳል፤ እንደ ገና ይሞክራል። ዙሪያ ጥምጥሙ ይህ ነው።

ግን ተነሥቶ የሚወድቅ ሁሉ ቫይረስ የያዘው አይደለም! መብራት ከፍ ዝቅ ሲል፣ አቧራ ማቀዝቀዣውን ሲዘጋውና ማሽኑ ሲግል፣ የኃይል ሣጥኑ ሲደክም እንዲሁ ያደርጋል። የአገራችንን መብራት የምታውቁት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ፍላሹንና ያልተፈለገውን ገመድ ሁሉ ነቀልን፤ አቧራዋን አራገፍን። ከዚያ ቁልፏን ነክተን፣ ዊንዶውስ ሳይጀምር በፊት ወደሚገኘው የማስተካከያ ገጽ አስገባናትና እዚያው ተውናት። ቡና ተፈላ፤ አቦልና ቶና ጠጣን። ግማሽ ሰዓት አለፈ፤ ማሽኗ አልጠፋችም። ከዚህ ምን ተረዳን? መብራቱም ሙቀቱም ደኅና ነው፤ ብልሽቱ ዲስኩ ላይ ያለው ጽሑፍ ውስጥ ነው። ሁለተኛ፣ ስትነሣ «ኤፍ ስምንት» የሚለውን ቁልፍ ደጋግመን ተጫንን። ይህ በአሮጌው ዊንዶውስ 7 ላይ የሚሠራ ነው፤ በአዲሶቹ በሌላ መንገድ ይገባል። ከመጣው ዝርዝር ውስጥ «ስትወድቅ በራስህ አትነሣ» የሚል ትርጉም ያለውን መረጥን። ያን ጊዜ ሰማያዊው ገጽ ቆመልንና አነበብነው። ሦስተኛ፣ «ሴፍ ሞድ» በሚባለው፣ ማለትም በትንሹ ብቻ ለብሶ በመነሣት ሞከርን። እሱም እምቢ አለ። አንዳንድ ቫይረስ ይህንኑ በር አስቀድሞ እንደሚዘጋ በኋላ ከመምህራችን ሰማን።

እውነቱን እንናገር፤ እኛም አጥፍተናል። በመጀመሪያው ማታ የጸሐፊውን ፍላሽ በገዛ ራሳችን ላፕቶፕ ላይ ሰክተን አየነው። በሽተኛ ልንጠይቅ ሄደን በሽታውን ይዘን ተመለስን። የአንደኛችን የመመረቂያ ጽሑፍ በሦስት ቀን መከራ ነው የተረፈው።

ረቡዕ ማሽኗን በባጃጅና በሚኒባስ አሳፍረን እዚህ መርካቶ አመጣናት። አንድ ጠጋኝ ዘንድ አቀረብናት። ሰውዬው አንድ ጊዜ አየና «ፎርማት ነው እንጂ ሌላ የላትም፤ አንድ ሰዓት ይበቃኛል» አለ። ፎርማት ማለት ዲስኩን አጥቦ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ነው። ስለ ማሽኗ የተናገረው ትክክል ነው። ግን «ውስጧ ምን አለ?» ብሎ አልጠየቀም! የሦስት ዓመት የአባላት ሒሳብ ነበረባት። ጸሐፊው «እንግዲህ ምን ይደረግ፣ ይታጠባ» ሊል ምንም አልቀረውም። እኛ «ቆይ ወንድም፣ አንዴ ቆይ» አልን። ከመታጠቡ በፊት መቅዳት ይቻላል። ቤቱ ሊፈርስ ከሆነ መጀመሪያ ከብቱና እህሉ ይወጣል እንጂ!

ያደረግነው ይህ ነው። በጤነኛ ኮምፒዩተር ላይ «ሊኑክስ» የሚባለውን ነፃ ሥርዓት በባዶ ፍላሽ ላይ አዘጋጀን። ማሽኗ ከታመመው ዲስክ ሳይሆን ከዚያ ፍላሽ እንድትነሣ አዘዝናት። በዊንዶውስ ቋንቋ የተጻፈ ቫይረስ በሊኑክስ ውስጥ እንደ ሌላ አገር ሰው ነው፤ ትእዛዙን የሚሰማው የለም። ማሽኗ ተነሣች፤ ቆመችም። ዲስኩን ከፈትን። መዝገቡ አለ! ጠጋኙ ራሱ ወንበሩን ስቦ መጥቶ አየ። እኛ የገለበጥነው የሒሳቡን ሠንጠረዦችና ደብዳቤዎቹን ብቻ ነው። ፕሮግራም የተባለውን ሁሉ ተውነው፤ ቫይረሱ የሚደበቀው እዚያ ነውና። የቀዳነውን በሌላ ጤነኛ ማሽን በአንቲቫይረስ አስፈትሸን፣ ሁለት ቦታ ካስቀመጥነው በኋላ «አሁን እጠበው» አልን። ታጠበ። ዊንዶውስ 7ን ግን አልመለስነውም። ሠሪው ማይክሮሶፍት ለእሱ ማደሻ መስጠቱን በጥር 2012 ዓ.ም. አቁሟል፤ ቀዳዳው ሳይደፈን የሚቀር ቤት ነው።

ይህ የኛ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በነሐሴ 1995 ዓ.ም. «ብላስተር» የተባለ ቫይረስ በኢንተርኔት ዓለምን አዳረሰ። ማንም ፍላሽ ሳይሰካ፣ ምንም ሳይጫን ይገባ ነበር። ስድሳ ሰከንድ ወደ ኋላ ይቆጠራል፤ ሲያልቅ ማሽኑ ጠፍቶ ይነሣል። የሚገርመው፣ ቀዳዳውን የሚደፍነው ማደሻ ቫይረሱ ከመምጣቱ አንድ ወር ያህል በፊት ወጥቶ ነበር። ብዙ ሰው አላደሰም። በሚያዝያ 1996 ዓ.ም. ደግሞ «ሳሰር» መጣ፤ የጻፈው በኛ ዕድሜ እንኳ ያልደረሰ፣ ገና 18 ዓመት የሞላው የጀርመን ተማሪ ነው። ከሁሉ የባሰው ግን ቫይረስ አይደለም። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. «ክራውድስትራይክ» የሚባለው የኮምፒዩተር ጠባቂ ድርጅት የተሳሳተ ማደሻ ላከ። 8.5 ሚሊዮን ያህል ኮምፒዩተሮች ተነሥተው ይወድቁ ጀመር፤ አውሮፕላኖች ቀሩ፤ ሆስፒታሎች ተቸገሩ። ዘበኛው ራሱ ባለቤቱን ደጅ ዘጋበት ማለት ነው። ያንን የተሳሳተ ፋይል ብዙ ቦታ ሰው በየማሽኑ እየሄደ፣ በዚያው በሴፍ ሞድ እየገባ ነው በእጁ ያጠፋው።

ወደ ማኅበሩ እንመለስ። መዝገቡ ተመለሰ ብንልም ሙሉ አልነበረም። የመጨረሻዎቹ አራት ቀናት አልተመዘገቡም። እነዚያ አራት ቀናት ደግሞ ቡናው የበዛባቸው ቀናት ነበሩ። አሁን ምን ይደረግ? የማኅበሩ ሊቀ መንበር አባላቱን ሁሉ «ካርኒያችሁን ይዛችሁ ኑ» ብለው አስጠሩ። እሑድ ጧት ሰው ከወፍጮ ቤቱ እስከ መንገዱ ተሰለፈ። አንዳንዱ ካርኒውን ከቆርቆሮ ሥር፣ አንዳንዱ ከቁርኣኑ መካከል፣ አንዲት እናት ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው አወጡ። ባለፈው ዓመት ቢሆን ወረቀቱን ለኛ ይሰጡንና ይጠብቁ ነበር። አሁን ግን እያንዳንዱ ስሙንና ኪሎውን ራሱ እያነበበ ነገረን፤ እኛ ጻፍን። አንዳንዱ ቀስ እያለ በጣቱ እየተከተለ ነው ያነበበው፤ ቢሆንም አነበበ።

የጠፋው አራት ቀን በግማሽ ቀን ተሞላ። አንድ ሽማግሌ ግን ካርኒያቸውን ከሰጡ በኋላ አልሄዱም። «ልጆቼ፣ እስቲ የኅዳሩንም አንብቡልኝ፤ ያ ያልጠፋውን» አሉን። ከፍተን አነበብን፤ 18 ኪሎ ይላል። ሽማግሌው የኅዳሩን ካርኒ ከኪሳቸው አወጡና ስክሪኑ አጠገብ አስደግፈው ያዙት። 81 ነው። ጸሐፊው ላብ አጠመቀውና «ቫይረሱ ይሆናል» አለ። ሽማግሌው ካርኒውን አጥፈው ወደ ኪሳቸው እየመለሱ «ቫይረስማ ሰባት ጊዜ ይገለብጣል አላችሁን እንጂ፣ ቁጥር ይገለብጣል አላላችሁም» አሉ። 81 ተብሎ ታረመ።