ማጥበቅ መጠገን አይደለም፤ በወለጋ መንገዶች ላይ ስለ ተሽከርካሪ መሪ ምርመራና ጥገና



ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ነቀምቴ የመንገዶች መገናኛ ናት። አንዱ መንገድ ወደ ጊምቢ፣ ሌላው ወደ በደሌ፣ ሦስተኛውም ዓባይን ተሻግሮ ወደ ቡሬ ይወስዳል። ወደ ጊምቢ የሚጓዝ ተሽከርካሪ 2,000 ሜትር ያህል ከፍታ ካላት ከተማ ተነሥቶ ወደ ዴዴሳ ሸለቆ ይወርዳል፤ ወንዙን ከተሻገረ በኋላም እንደገና ዳገቱን ይያያዛል። በእንዲህ ያለ ቁልቁለት ቡና የጫነ መኪናም ሆነ ሕዝብ የያዘ አውቶቡስ ደኅንነቱ በሁለት ነገሮች ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ በፍሬንና በመሪ። ስለ ፍሬን ብዙ ይነገራል። መሪን ግን እስኪከዳ ድረስ የሚያስታውሰው ጥቂት ነው።

በቡርቃ ጃቶም ሆነ በጊምቢ፣ በሻምቡም ሆነ በደምቢ ዶሎ ጋራዥ የሚሠራ ሜካኒክ የሚከተለውን ሁኔታ ያውቀዋል። አንድ የጭነት አይሱዙ መሪው ላልቶ ይመጣል። ሾፌሩ ቸኩሏል፤ ጭነቱ ይጠብቀዋል። በዚህ ጊዜ ቀላሉ ዘዴ የመሪ ሳጥኑን ማስተካከያ ብሎን ማጥበቅ ነው። መላላቱ ወዲያው ይጠፋል፤ ሾፌሩም አመስግኖ ይሄዳል።

ነገር ግን ተሽከርካሪው ተጠገነ ማለት አይደለም። የመሪ ሳጥን ጥርሶች ይበልጥ የሚበሉት መሐል ላይ ነው፤ ምክንያቱም ተሽከርካሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው ቀጥ ብሎ ነው። መሐሉ እስኪጠብቅ ድረስ ብሎኑ ከተዞረ፣ ያልተበላው ግራና ቀኙ ከመጠን በላይ ይጠብቃል። ሾፌሩ በዴዴሳ ቁልቁለት ጠመዝማዛውን ሲይዝ መሪው ይከብደዋል፤ ከኩርባው ሲወጣም በራሱ አይመለስለትም። ከዚህም በላይ መላላቱ የመጣው ከዘንጎቹ መጋጠሚያ ከሆነ፣ የተበላው መጋጠሚያ እንደ ተበላ ነው። ምልክቱ ተሰውሮ አደጋው በስፍራው ቀርቷል።

ስለዚህ የምርመራው ቅደም ተከተል ከጎማ ተነሥቶ በመሪ ሳጥን ይፈጸም እንጂ ከሳጥኑ አይጀመር። በመጀመሪያ የጎማዎቹ ነፋስ ይለካ፤ አበላላቸውም በእጅ ይዳሰስ። ቀጥሎ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ጎማዎቹ መሬት ላይ እንዳሉ አንዱ መሪውን በትንሹ ግራና ቀኝ ሲያወዛውዝ፣ ሌላው ከሥር ሆኖ እያንዳንዱን መጋጠሚያ በእጁ ይዳስሳል። እንቅስቃሴ በአንድ ወገን ገብቶ በሌላው ወገን ዘግይቶ የሚወጣበት መጋጠሚያ የተበላው እርሱ ነው። የመሪ ሳጥኑ ከሻንሲው ጋር የታሰረባቸው ብሎኖችም በዚሁ ጊዜ ይታያሉ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከእነርሱ ሆኖ ይገኛል።

ከዚያ የኋላ ጎማዎች ታግደው፣ የፊቱ አክስል በክሪክ ተነሥቶ በጽኑ ድጋፍ ላይ ይቀመጣል። ጎማውን ላይና ታች ይዞ ማወዛወዝ የኩሽኔታንና የፔርኖን ሁኔታ ይገልጻል። ረዳቱ ፍሬን ሲረግጥ መወዛወዙ ከጠፋ ጥፋቱ የኩሽኔታው ነው፤ ካልጠፋ የፔርኖው ነው። ግራና ቀኝ ይዞ ማወዛወዝ ደግሞ የማገናኛ ዘንጎቹን ጫፍ ያስመረምራል።

ተሽከርካሪ ወደ አንድ ወገን ሲስብ መንገዱም መታሰብ አለበት። ኢትዮጵያ በ1956 ዓ.ም. ከግራ ወደ ቀኝ አነዳድ ተሻግራለች። መንገድ ደግሞ ውኃ እንዲወርድ መሐሉ ከፍ፣ ጠርዙ ዝቅ ተደርጎ ስለሚሠራ ማንኛውም ተሽከርካሪ በጥቂቱ ወደ ቀኝ ያዘነብላል። ስለሆነም ፈተናው በደልዳላ ስፍራ ይሁን። መሳቡ በዚያም ከቀጠለ ሁለት ነገሮች ይታዩ። ከጉዞ በኋላ አንዱ ቸርኬ ከሌላው ይልቅ የሚፋጅ ከሆነ ያልለቀቀ ፍሬን አለ፤ የባሌስትራው መሐል ብሎን ተበጥሶ ከሆነም አክስሉ ከስፍራው ፈቀቅ ብሏል። ሁለቱም የመሪ ጥፋቶች አይደሉም፤ ነገር ግን የሚሰሙት በመሪው ላይ ነው።

መሪ በፍጥነት ጊዜ ሲንቀጠቀጥም እንዲሁ ነው። በክረምት በቸርኬ ውስጠኛ ገጽ የተለጠፈው የወለጋ ቀይ ጭቃ ሲደርቅ የጎማውን ሚዛን ያዛባል። ሜካኒኩ ዕቃ ከማስመጣቱ በፊት ቸርኬውን ማጠብ አለበት። በአንድ ባልዲ ውኃ የሚያልቅ ጉዳይ ባለንብረቱን ብዙ ገንዘብ እንዳያስወጣው ይህ መታወቅ ይገባዋል።

የተበላ መጋጠሚያ ሲለወጥ ጥንቃቄው በዚያ አያበቃም። ዳዶው በመመሪያው መጠን ከጠበቀ በኋላ የመቆለፊያው ፒን ቀዳዳ ካልገጠመ በጥቂቱ ወደ ፊት ይጥበቅ እንጂ ወደ ኋላ አይላላ። ፒኑም ምን ጊዜም አዲስ ይሁን። በመጨረሻም በፊት ጎማዎች መካከል ከፊትና ከኋላ በኩል ያለው ርቀት ተለክቶ ልዩነቱ ከአምራቹ መመሪያ ጋር ይመሳከር። የማስተካከያ መሣሪያ በሌለበት ጋራዥ ይህን በሜትር መለካት ይቻላል። የጥቂት ሚሊ ሜትር ስሕተት አዲስ ጎማ በአጭር ጊዜ ይበላል።

አንድ ነገር ግን በምንም ምክንያት ሊፈቀድ አይገባም። ይኸውም የተሰነጠቀ ወይም የተጣመመ የመሪ ክፍልን መበየድና በእሳት ማቃናት ነው። እነዚህ ክፍሎች ጥንካሬያቸውን ያገኙት በፋብሪካ በተሰጣቸው የሙቀት አያያዝ ስለሆነ እሳት ያን ጥንካሬ ያጠፋዋል። ብየዳው ለዓይን ያምራል፤ ሸክም ሲበዛበት ግን ሳያስጠነቅቅ ይሰበራል።

መለዋወጫው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ድረስ ተሽከርካሪው መቆሙ ባለንብረቱን ያስቆጣል። ሾፌሩ ይለምናል፤ ሌላ ጋራዥ እንደሚሄድም ይናገራል። ሆኖም «ይህ መኪና በዚህ ሁኔታ አይወጣም» ብሎ ምክንያቱን በተበላው ዕቃ ላይ አሳይቶ ማስረዳት ከሜካኒክ ሥራ አንዱ ክፍል ነው። ቁልቁለቱን የሚወርዱት ተሳፋሪዎች በጋራዡ ውስጥ ተገኝተው ለራሳቸው መናገር አይችሉም፤ ስለ እነርሱ የሚናገር ሰው ቢኖር መፍቻውን የያዘው ባለሙያ ብቻ ነው።