የአሮጌ ኮምፒዩተር ሸክም

ኮምፒዩተር ሲያረጅና ሲዘገይ «አለቀለት» ተብሎ ይጣላል። ነገር ግን የደከመች በቅሎ ጭነቷ ይቀነስላታል እንጂ ለጅብ አትተውም።

ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1991 ዓ.ም. ሊኑክስ የተባለውን የኮምፒዩተር ማስተዳደሪያ ለሰው ኹሉ ገለጠ። በዚሁም ላይ ተመሥርቶ አውስትራሊያዊው ባሪ ካውለር በ2003 ፓፒ ሊኑክስን አወጣ። ይህ ቀላል ሥርዐት ከትንሽ ፍላሽ ተነሥቶ ራም በተባለው ጊዜያዊ ማኅደር ውስጥ ስለሚሠራ፣ ዲስኩ የተበላሸውን ኮምፒዩተር እንኳ ያሠራል።

ተጨማሪው ሶፍትዌር በጥቅል በጥቅል ይመጣል፤ አንዱም ጥቅል ብዙ ጊዜ ሌላውን ይጠራል። ስለዚህ ያገኘውን ኹሉ የሚጭን ሰው ያቀለለውን ሸክም መልሶ ያከብደዋል። እንግዲህ መምህር አስቀድሞ የተማሪዎቹን ጽሑፍ በሌላ ስፍራ ይገልብጥ፤ ከዚያም ለትምህርት የሚበቃውን ብቻ፣ እርሱንም ከሥርዐቱ ከራሱ ግምጃ ቤት ወስዶ ይጫን። እንዲህ ከኾነ ሊጣል የነበረው ዕቃ ለልጆች መማሪያ ይኾናል።